የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሕይወትና ለእኛ የተወው ትምህርት

በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ የአንድ ስመ ጥር ሰው የሕይወት ታሪክ መውጣቱ የተለመደ ነው። እስካሁን ታሪካቸው የተጻፈላቸው ሰዎች አብዛኛዎቹ ጦር ድል ያደረጉ፣ አገር ያቀኑ፣ መጽሐፍ የደረሱ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ናቸው። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት ሰው ግን ከነዚህ ሥራዎች አንዱንም አልሠራም። ጦር አልመራም፤ አገር አልገዛም፤ መጽሐፍም አልጻፈም። የተወለደው በንጉሥ ቤት፣ ያደገው በባዕድ አገር፣ የሞተውም በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ይኸውም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው።

ስለ ልዑል ሲጻፍ አንቱ ማለት እንደሚገባ አውቃለሁ። ነገር ግን ዓለማየሁ ሲሞት ዕድሜው የኛን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዕድሜ ያህል ስለ ነበረ፣ እንደ እኩያዬ አድርጌ እሱ እያልሁ ብጽፍ ታላላቆቼ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። ይህን ታሪክ የመረጥሁበትም ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ነው።

የልጁን ታሪክ ለመረዳት ከአባቱና ከእናቱ መጀመር ያስፈልጋል። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ይባሉ ነበር። የትውልድ አገራቸው ቋራ ነው። አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደጓቸው። ኋላ ካሣ ኃይለኛ ሰው በሆኑ ጊዜ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቧቸው ይህን ድህነት መሠረት አድርገው ነው። ከዚህም በላይ በልጅነታቸው ለትምህርት በገቡበት ገዳም ወራሪ ጦር ደርሶ አብረዋቸው ይማሩ የነበሩትን ልጆች ሲፈጅ፣ እሳቸው አምልጠው እንደ ወጡ ይተረካል። እንግዲህ ንጉሡ ራሳቸው በልጅነታቸው ብዙ መከራ ያዩ ሰው ነበሩ።

እኛም ጐጃሞች ይህን ንጉሥ በሩቅ ብቻ የምናውቃቸው አይደለንም። በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጐጃሙ ገዥ ደጃዝማች ጐሹ ዘውዴ የወደቁት ከካሣ ጋር ሲዋጉ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ካሣ ራስ አሊን ድል ያደረጉት በዚሁ በምሥራቅ ጐጃም፣ አይሻል በሚባለው ስፍራ ነው። የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ የተቃረበው በእኛው ምድር ላይ ነበር ለማለት ይቻላል።

የዓለማየሁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ካሣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው ማረኳቸው። ወዲያውም ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ደጃዝማች ውቤም ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በእስር ኖሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች በሞቱባቸው ጊዜ የዚህን የታሰረ ሰው ልጅ አገቡ። ጥሩወርቅ ከመዝሙረ ዳዊት የማይለዩ፣ ልባቸው ወደ ምንኵስና ያዘነበለ ሴት እንደ ነበሩ ይነገራል። አባታቸውን ያሰረ ሰው ባል ሲሆንላቸው ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። ትዳሩም ሰላም አልነበረውም።

ከነዚህ ሁለት የቈሰሉ ሰዎች ልዑል ዓለማየሁ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ተወለደ። ስሙ ዓለም አየሁ ማለት ነው። ዓለም በአማርኛችን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ምድርና ሕዝቡ፣ ሁለተኛው ደስታና ተድላ ነው። ስሙን ሲያወጡለት ሁለተኛውን አስበው ሳይሆን አይቀርም፤ ልጁ ያገኘው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. ደብዳቤ ልከው መልስ ሳያገኙ ስለ ቀሩ ተቈጥተው የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ብዙ ጦር ላከ። ጦሩም ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ውጊያ ተደርጎ የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ይህን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል፤ በየዓመቱም በኩራት እናነሣዋለን። ነገር ግን በዚያች ቀን በአምባው ላይ ሰባት ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ብቻ የቀረው ልጅ እንደ ነበረ ስንቶቻችን አስበናል? ያ ሕፃን መድፍ ሲጮህ ሰማ፤ አባቱ ሞቱ፤ የሚያውቀው ቤት ተዘርፎ በእሳት ሲጠፋ አየ። የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ ሲወርድ፣ እሱም ከእናቱ ጋር ከዚያው ሠራዊት ኋላ ተጓዘ።

መከራው በዚህ አላበቃም። እቴጌ ጥሩወርቅ የታመሙ ነበሩና ወደ ትውልድ አገራቸው ሳይደርሱ በግንቦት ወር በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ትግራይ ውስጥ በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። እንግዲህ ልጁ በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ አባቱን፣ ቤቱንና እናቱን አጣ። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቅያዬ ግን በሕይወት ነበሩ። ልጃቸው ሞታባቸው የልጅ ልጃቸው በባዕድ እጅ ሲወሰድ ያዘኑት እኒህ አያት፣ ናፍቆታቸውን በደብዳቤ እስከ እንግሊዝ አገር ድረስ አሰምተዋል። የልጁ መወሰድ የአያቱም ቁስል ነበረ። ልጅ ሲጐዳ ብቻውን አይጐዳም፤ ቤተ ሰቡ ሁሉ አብሮ ይጐዳል።

እውነቱን ለመናገር እንግሊዞች ልጁን የወሰዱት በክፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በአገሩ ቢቀር የአባቱ ጠላቶች ይገድሉታል የሚል ስጋት ነበራቸው፤ ንጉሡም ልጃቸው በእንግሊዞች እጅ እንዲያድግ ይፈልጉ ነበር ይባላል። ነገር ግን በጎ አሳብ ብቻውን ልጅን አያሳድግም፤ ይህም ከሚከተለው ታሪክ ይታያል።

ልጁን እንዲጠብቅ የተሾመው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል በጣም ረጅም፣ ጢሙ ቀይ የሆነ መኰንን ነው። ስፒዲ ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ኖሮ ስለ ነበር አማርኛ ያውቃል፤ ሰዉም ባሻ ፈለቀ ብሎ ይጠራው ነበር። ከአገር አብረው የወጡት ጥቂት ኢትዮጵያውያን እንግሊዝ አገር ሳይደርሱ ስለ ተመለሱ፣ ለልጁ ከዚህ ሰው በቀር የሚያነጋግረው አልቀረም። ስፒዲ እንደ ተናገረው ዓለማየሁ ሌሊት ሌሊት ፍርሃት ስለሚይዘው በእሱ እቅፍ ካልሆነ በቀር አይተኛም ነበር። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የሚያምነው ክንድ ሲያገኝ አጥብቆ ያዘ ማለት ነው።

በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. በመርከብ እንግሊዝ አገር ደረሱ። ከዚያም ንግሥት ቪክቶሪያ ዋይት በምትባለው ደሴት ባለው ቤታቸው ልጁን ተቀበሉት፤ ወደዱትም፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ስለ እሱ መጠየቃቸውን አልተዉም። በዚያችው ደሴት ትኖር የነበረች ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ልጁን ከስፒዲ ጋርም፣ ብቻውንም አነሣችው። ሥዕሉን ያየ ሰው የልጁን ዓይን አይረሳም። የሐበሻ ልብስ ለብሶ፣ ጌጥ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ ግን የልጅ ፈገግታ የለም።

ስፒዲ በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ በፈረንጆች ታኅሣሥ ሚስት አገባ፤ ዓለማየሁም ከሁለቱ ጋር ኖረ። ስፒዲ በሕንድ አገር የፖሊስ ሹመት ባገኘ ጊዜም ልጁ አብሮ ሄደ። እነዚህ ጥቂት ዓመታት ከመቅደላ ወዲህ የደስታ ጊዜው ነበሩ ለማለት ይቻላል። የሚያውቀው ሰው አለ፤ የሚያውቀው ቋንቋ ይሰማል፤ ማታ የሚገባበት ቤት አለው።

ኋላ ግን የስፒዲ የሥራ ቦታ ሲለወጥ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ይግባ ሲል ወሰነ። ንግሥቲቱ ከስፒዲ ባይለይ ይወዱ ነበር፤ ስፒዲም መለየቱን አልወደደም። ሆኖም የገንዘብ ሚኒስቴሩ ሰዎች አሳብ በረታ። በ1864 ዓ.ም. ዓለማየሁ ቼልተንሃም ለሚባለው ኮሌጅ ኃላፊ ለዶክተር ጄክስ ብሌክ ተሰጠ። ዕድሜው ዐሥር ዓመት አልፎ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ አባቱን አጣ ብንል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያውን ሞት ወሰደው፤ ሁለተኛውን ግን የወሰደው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ከዚያ በኋላ በቤቱ አማርኛ የሚያነጋግረው ሰው አልነበረም።

ጄክስ ብሌክ ደግ ሰው ነበር፤ ቤተ ሰቡም ልጁን በመልካም ያዙት። በ1866 ዓ.ም. ጄክስ ብሌክ ረግቢ ለሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲዛወር ዓለማየሁም ተከትሎት ሄደ። በዚያም በኳስ ጨዋታ ጐበዝ ሆነ፤ ጓደኞችም አፈራ። ትምህርቱ ግን አልገባውም። አስተማሪዎቹ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ አድርገው ቈጠሩት። ሰነፍ ነው ከማለት በቀር፣ ይህ ልጅ ስንት ጊዜ ቤት፣ ስንት ጊዜ አሳዳጊ፣ ስንት ጊዜ ቋንቋ ለወጠ ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስልም።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው መኰንን ይሆናል ተብሎ ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። በዚያ ደስታ አላገኘም፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ወደ አገሩ የመመለስ ናፍቆት ነበረበት፤ የሚፈቅድለት ግን አላገኘም። በመጨረሻ ሊድስ ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ቀድሞ ባስተማረው በሲሪል ራንሰም ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። በዚያም በሳምባ በሽታ ታመመ። በሕመሙ ጊዜ መርዝ ያበሉኛል ብሎ እየፈራ ምግብና መድኃኒት እንቢ ይል እንደ ነበር ተጽፏል። በሰባት ዓመቱ የጀመረው ፍርሃት በዐሥራ ስምንት ዓመቱም አልለቀቀውም ማለት ነው። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ዐረፈ።

ንግሥት ቪክቶሪያ የሞቱን ወሬ በሰሙ ጊዜ፣ አንድም ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር ብቻውን በመሞቱ እጅግ እንዳዘኑ በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። በትእዛዛቸውም በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ። በመታሰቢያው ናስ ላይ እንግዳ ሆኖ ስለ መጣና ስለ ተቀበሉት ሰው የሚናገረው የወንጌል ቃል ተቀርጾ ይገኛል። ተቀበሉት፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እንግዳ እንደ ሆነ ቀረ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ በዓል ሲቃረብ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በስፍራው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ የእሱን ማውጣት እንደማይቻል ገልጦ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. ግን የስፒዲ ዘመዶች በቤተ ሰባቸው ዘንድ ተጠብቆ የኖረውን አንድ ጉንጉን ጠጕሩን ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ አስረከቡ። ሰው በሕይወቱ ሳለ ካልተመለሰ፣ ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ የሚመለሰው ጥቂት ጠጕር ብቻ ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እስቲ አሁን ለዚህ ልጅ ምን እንደ ተደረገለትና ምን እንደ ቀረበት እንቍጠር። ምግብ ነበረው፤ ልብስ ነበረው፤ በእንግሊዝ አገር ከከበሩት ትምህርት ቤቶች ተምሯል፤ ንግሥት ትጠይቀው ነበር፤ ገንዘብም ተመድቦለታል። ዛሬ በችግር ላይ ላሉ ልጆች ስናዝን የምናስበው ይህንኑ አይደለምን? ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ዳቦ እንላለን። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል፤ እኔም አልክድም። ዓለማየሁ የጐደለው ግን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ሳይለዋወጥ አብሮት የሚኖር አሳዳጊ አጣ። ሁለተኛ፣ አባቴና እናቴ እንዲህ ነበሩ እያለ የሚያወራበት ቋንቋና የሚያወራለት ዘመድ አጣ። ሦስተኛ፣ እንደ ወገኑ ሥርዐት አልቅሶ ሐዘኑን የሚያወጣበት ቦታ አጣ። አራተኛ፣ ስለ ራሱ በሚወሰን ነገር ላይ እሱም አያቱም ሳይጠየቁ ቀሩ።

በዘመናችን የሕፃናትን አእምሮ የሚያጠኑ ሐኪሞችም ይህንኑ ያስተምራሉ። ከባድ ድንጋጤ የደረሰበት ልጅ አደጋው ካለፈ በኋላም ሰውነቱ አደጋው ያላለፈ ያህል ሲጠባበቅ ይኖራል። ስለዚህ እንቅልፍ ያጣል፤ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፤ ያለ ምክንያት ይቈጣል ወይም ፈጽሞ ዝም ይላል፤ በትምህርቱም አሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። ይህ ስንፍና ወይም ጥጋብ አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሁሉ በላይ የሚረዳው የማይለወጥ አንድ ታላቅ ሰው፣ ሥርዐት ያለው የዕለት ኑሮና የደረሰበትን ነገር ሳይፈራ የሚናገርበት ቦታ ነው። ወላጆቹ ወይም አያቶቹ ራሳቸው በሐዘን የወደቁ ከሆኑም አስቀድሞ እነሱን ማቆም ያስፈልጋል፤ ምሰሶው የወደቀ ቤት ልጅ አያስጠልልምና።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳይመስላችሁ ከዓለማየሁ የተለየ ዕድል ያገኙ ልጆች በአገራችን እንደ ነበሩ ላስታውሳችሁ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ፣ ወላጆቻቸው በቱርክ አገር በደረሰው እልቂት ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች አገኙ። ልጆቹ የሙዚቃ ጓድ ነበሩና ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ አርባ ልጆች ተብለውም ስማቸው በታሪክ ቀረ። እነዚህ ልጆች አልተበታተኑም፤ አብረው መጡ፤ አብረው ኖሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የራሳቸው ወገን ነበር። በአዲስ አበባም ቋንቋቸውን የሚናገርና ሃይማኖታቸውን የሚጠብቅ የአርመን ማኅበር አገኙ። በእጃቸውም ሥራ ነበራቸው፤ የአገሩን ሕዝብ በመለከታቸው ደስ ያሰኙ ነበር። ሐዘናቸው ጠፋ አልልም፤ ነገር ግን ብቻቸውን አልተሸከሙትም።

የኛም የአገራችን ባሕል በዚህ ነገር ድሀ አይደለም። ወላጅ የሞተበትን ልጅ አያት፣ አጎት ወይም አክስት ያሳድገዋል። የክርስትና አባትና እናት አሉ። ዘመድ ባይሆንም የጡት ልጅ ተብሎ ከቤት ልጆች ሳይለይ የሚያድግ አለ። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር የሚያስተዛዝን ይመደብለታል። ይህን ሁሉ ግን የምናደርገው ብዙውን ጊዜ ለታላላቆች ነው። ልጁን ከለቅሶው ቦታ እናርቀዋለን። አባትህ መንገድ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል ብለን እናታልለዋለን። ቢያለቅስ ወንድ ልጅ አያለቅስም ብለን እንገሥጸዋለን። ልጁም እውነቱን ከሌላ ሰው ሲሰማ ሁለት ነገር ያጣል፤ አባቱንና በእኛ ላይ የነበረውን እምነት።

አሁን በመጀመሪያ እነግራችኋለሁ ወዳልሁት ምክንያት ልመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን፣ ቤታቸውንና ትምህርታቸውን አጥተዋል። ከሩቅ አገር ተፈናቅለው ወደ ጐጃም የመጡም አሉ። በአንድ ወቅት ከነዚህ አንዱ የሆነ ልጅ ከእኛ ጋር ይማር ነበር። ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። በሩ በነፋስ ሲዘጋ ከመቀመጫው ይዘላል። ብዙ ጊዜም በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። እኛም ስም አወጣንለት፤ እንቅልፌ እያልን ሳቅንበት። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጁ አንድ ቀን ቀረ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የዓለማየሁን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። በስፒዲ እቅፍ ካልሆነ አይተኛም የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ያ ጓደኛችን ሌሊት እንቅልፍ ስለማያገኝ ቀን ማንቀላፋቱ፣ ቶሎ ለመሮጥ እንዲመቸው ከበሩ አጠገብ መቀመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ለልዑሉ አዘንሁ፤ ነገር ግን ለልዑል ማዘን ቀላል ነው፤ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታልና ከኛ የሚፈልገው ነገር የለም። አጠገባችን የተቀመጠው ግን ይፈልግ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና ጥቂት አሳብ አቀርባለሁ። መምህሮቻችን ሆይ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ፣ ሲቈጣ ወይም ፈጽሞ ዝም ሲል፣ ከቅጣቱ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ምን ደረሰብህ ብላችሁ ብትጠይቁት መልካም ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ በሐዘን ምክንያት ወደ ቤታችሁ ሲመጣ፣ በየጊዜው ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘዋወር እርዱት፤ እውነቱን በሚገባው ቃል ንገሩት፤ የሞቱበትን ወላጆች ስም በፊቱ ለማንሣት አትፍሩ። እናት ወይም አያት ብቻዋን ልጅ ስታሳድግም ልጁን ብቻ ሳይሆን እሷንም ጠይቋት፤ እንጨቱን ፍለጡላት፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሯት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ የሚጠበቀው ከሁሉ ይቀላል። ከአዲሱ ልጅ አጠገብ እንቀመጥ። ስሙን እንጥራው፤ ቅጽል ስም አናውጣለት። ሲቀር እቤቱ ሄደን እንጠይቀው።

ልዑል ዓለማየሁ በስሙ ዓለምን አየ፤ መቅደላን፣ ቀይ ባሕርን፣ እንግሊዝን፣ ሕንድን አየ። ያላየው ነገር ቢኖር ሳይለወጥ የሚጠብቀው አንድ ቤት ነው። ያንን የሚሰጥ ንግሥት ወይም መንግሥት ብቻ አይደለም፤ በደብረ ማርቆስ ከተማም በየገጠሩም ያለ ማንኛውም ሰው ሊሰጠው ይችላል። እኔም ያን ጓደኛዬን ለመፈለግ ጀምሬአለሁ። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ውስጥ ያለበትን የሚያውቅ ቢኖር፣ ከሳቁብህ አንዱ ይቅርታ ሊጠይቅህ ይፈልጋል ብሎ እንዲነግርልኝ እለምናለሁ።